በመዝገቡ ላይ ሁለት ሰው

ጥቅምት 8 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ደጅዎ ሰላም እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ በሰው አገር ደህና ነኝ።

ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ እንዳይቸገሩ ልንገርዎ፤ የአክስትዎ ልጅ የአናጢው ትልቋ ልጅ ነኝ። ለመጨረሻ ጊዜ የተያየነው አባቴ ሲቀበር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ለጉዳይ መጻፌ ያሳፍረኛል፤ ግን ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ባለቤቴ የማቀዝቀዣ ባለሙያ ነው። በየሦስት ወሩ ወደ እናንተ አገር እየተላከ የመድኃኒት ማከማቻ ቀዝቃዛ ክፍሎችን ይጠግናል። ከሦስት ዓመት ወዲህ ሥራውን ሲጨርስ ጥቂት ቀን እየጨመረ ወደ በረሃው ተራሮች ይሄዳል። «ልዝናና፣ ተራራ ልወጣ» ይለኛል። ዕድሜውን በበረዶ ቤት የጨረሰ ሰው በረሃ ምን ያደርጋል? ሁለተኛ ፎቅ ለመውጣት ሊፍት የሚጠብቅ ሰው ነው። «ከማን ጋር?» ስለው «አራት ነን፤ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር» ይላል።

ባለፈው ወር ልብሱን ላጥብ ብዬ ኪሱን ፈተሽኩ። (እውነቱን ለመናገር ልብሱ ንጹሕ ነበር።) የእናንተ ኬላ ማኅተም ያለበት ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። ስሙ አለ፣ የሚመለስበት ቀን አለ፣ ከሥሩ «የሰው ብዛት፦ 2» ይላል። አራት አይደለም፤ ሁለት። ይባስ ብሎ ሦስት ዓመት ሙሉ ተራራ ለተራራ የዞረ ሰው ሻንጣው ውስጥ አንድም አቧራ የነካው ጫማ አይቼ አላውቅም።

የኬላውን ማኅተም ሳይ እርስዎ እዚያ መዝገብ ያዥ እንደሆኑ ትዝ አለኝ። እባክዎ መዝገቡን ይመልከቱልኝ። ሁለተኛው ሰው ማን ነው? ስልክ አልደውልም፤ ያላችሁ ሬዲዮ ነው፣ ሬዲዮውን ደግሞ ሁሉም ይሰማዋል ይባላል። ሲጽፉልኝም በቤቴ ሳይሆን በሥራ ቦታዬ አድራሻ ይላኩልኝ። ሰው ሠራሽ ጥርስ የምንሠራበት ቤት ነው፤ አድራሻው ከጀርባ አለ።

አክባሪዎ

ኅዳር 15 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ እጅሽ ሥራ አይጣ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የአባትሽን ነገር ስታነሺ ሆዴ ባባ።

ደብዳቤሽ የመጣልኝ በውሃ ቦቴው ነው። ቦቴው በየአሥራ አምስት ቀኑ ስለሚመጣ ነው የዘገየሁት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያለሁበትን ብታይ ትስቂ ነበር። አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሬዲዮ፣ የተጓዦችን ውሃ የምመዝንበት ሚዛን። ከኋላዬ ተራራው ነው፤ ዛፍ የሚባል የለውም፣ ጠዋት ቀይ፣ ቀትር ላይ እንደ አመድ፣ ማታ ጥቁር። ሰዎች ገመድና ድንኳን ጭነው ከየትም ይመጣሉ። ዘፈን ከፍተው የሚገቡ አሉ፤ በሦስተኛው ቀን ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ዝም ብለው ይወጣሉ። ለዚህ ድንጋይ ብሎ ሰው ለምን ከቤቱ እንደሚወጣ ሃያ ዓመት ተቀምጬ አልገባኝም።

መዝገቡን በተመለከተ፣ ልጄ፣ ለውጭ ሰው ማሳየት አይፈቀድልኝም። ደግሞም የምንጽፈው የቡድኑን ኃላፊ ስምና የሰውን ብዛት ብቻ ነው። ቁጥሩ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። መንገደኛው ብዙ ስለሆነ ባለቤትሽን ለይቼ አላስታውሰውም። እንዲያ ያለ ጸጥ ያለ ሰው ክፉ ነገር ይሠራል ብዬ ግን አላስብም።

ልብሽን አሳርፊው።

እትዬሽ

ኅዳር 29 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለ ጉልበትዎ አዝኛለሁ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ቦቴው በየአሥራ አምስት ቀኑ ከመጣ፣ የእኔ ደብዳቤ ከደረሰ ወዲህ ቢያንስ አንድ ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሷል ማለት ነው። ይሁን፤ ሰው ሥራ ይበዛበታል።

ሌላውን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ባለቤቴን «አላስታውሰውም» አሉኝ፤ በሚቀጥለው መስመር «እንዲያ ያለ ጸጥ ያለ ሰው» አሉ። ጸጥ ያለ መሆኑን እኔ አልጻፍኩልዎትም። ወረቀቴን ቀድቼ አስቀምጫለሁ፤ የለበትም።

እትዬ፣ አባቴ ስለ እርስዎ ሲያወራ «አፏ ቢከዳት ዓይኗ አይከዳትም» ይል ነበር። እኔ ዓይንዎን ማየት አልችልም፤ ያለኝ ወረቀት ብቻ ነው። የሥራዬ ጠባይ ሆኖ ሰው ያላለውን ነው የማየው። አንድ የጥርስ ቅርጽ ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ባለቤቱ በእንቅልፉ ጥርሱን ያፋጭ እንደሆነ፣ በየትኛው ጎኑ እንደሚያኝክ ሳይነግረኝ አውቃለሁ።

የሥራ ጓደኛውን ሚስት ገበያ አግኝቻት ነበር። «እናንተስ ቤት ተራራው አልበዛም?» አልኳት። «የምን ተራራ?» አለችኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩ፤ ቤት ስደርስ ግን የያዝኩትን ዕቃ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይመጣል። አብራው ያለችው ሴት ከሆነች ይንገሩኝ። ዕድሜዋን፣ አካሄዷን፣ እንዴት እንደሚያያት። የሰማሁትን እችለዋለሁ። ያልሰማሁት ነው የሚበላኝ።

አክባሪዎ

ታኅሣሥ 26 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ክፉ አይንካሽ።

እሺ፣ አውቀዋለሁ። ባለፈው ያልነገርኩሽ ነገር ውስጥ መግባት ፈርቼ ነው። ባለቤትሽ ይመጣል፤ አሁንም መጥቶ ነበር፤ ሦስት ቀን ቆይቶ በሰላም ወጣ።

ሴት የለችም። ይህን በአባትሽ አጥንት እምልልሻለሁ። አብሮት የሚገባው መንገድ መሪ ነው። ስድሳ ያለፈው ሽማግሌ፣ የላይ የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ ብዙ የማይናገር። የመጀመሪያውን ቀን በደረቁ ወንዝ ይዘው ይገባሉ፤ በሁለተኛው «ኮርቻው» ወደምንለው የሁለት ጫፎች መገናኛ ይወጣሉ፤ በሦስተኛው ይወርዳሉ። ይኸው ነው። አራት ነን ያለሽ እንዳትሰጊ ብሎ ይሆናል።

እንግዲህ ነገሩ ይብቃ።

እትዬሽ

ጥር 10 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

በጣም አመሰግናለሁ! ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሸክም ወረደልኝ።

ባለቤቴን በዚያ ገደል የሚመራልኝን ሽማግሌ ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ። የፊት ጥርስ የሌለው ሰው እንጀራውን እንዴት እንደሚበላ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ጥርሱን ራሴ፣ በነፃ እሠራለታለሁ። በዚህ ጥቅል ውስጥ ሁለት ዓይነት ሊጥ አለ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ። እኩል አድርገው አብረው ያሹት፣ በጥቅሉ ባለው የመንጋጋ ቅርጽ ትሪ ላይ ይጫኑት፣ ሽማግሌው ይንከሰውና እስኪደርቅ አምስት ደቂቃ ይያዘው። ከዚያ እንደ ጎማ ስለሚሆን ሙቀት አያበላሸውም። ላይና ታች፣ ሁለቱንም ይላኩልኝ።

እምቢ እንደማይሉኝ አውቃለሁ። ለመልካም ሥራ ነው።

አክባሪዎ

የካቲት 2 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ። የሽማግሌውን ጥርስ ልኬት ልኬያለሁ። በጣም አመስግኗል። ሌላ ወሬ የለኝም፤ ሙቀቱ ዘንድሮ ቀድሞ መጣ።

እትዬሽ

የካቲት 19 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ልኬቱ ደርሶኛል። ጄሶ ሞልቼበት፣ ደርቆ ከፈትኩት፤ አሁን ፊቴ ተቀምጧል።

የዚህ ሰው የቀሩት ጥርሶቹ ጠርዛቸው አልተበላም። ድዱም አልሸሸም። የላይ ሁለቱ በዕድሜ አልወለቁም፤ በአንድ ምት ነው የሄዱት፣ የአንዱ ሥር እስካሁን አለ። ከታች ያለውም ተሸርፏል፤ ብረት የመሰለ ነገር ፊቱን መቶታል። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ሽማግሌ አይደለም፣ እትዬ።

የሌላ ሰው አፍ ላኩልኝ። እሱን ለማግኘት ምን ያህል እንደለፉ አስቤ አንድ አፍታ አዘንኩልዎ። ከዚያ ግን ይህን ሁሉ የሚያለፋ ምን ቢኖር ነው አልኩ። ሽማግሌው ከሌለ ያ ቦታ የማን ነው?

ባለቤቴ የዛሬ ሳምንት ይመጣል። ምንም አልነገርኩትም። ሻንጣውን ሲያዘጋጅ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ያፏጫል። እኔ ፊት አፏጭቶ አያውቅም።

ቃል እስክሰማ እጠብቃለሁ።

መጋቢት 4 ቀን

ሰላምታ የለኝም።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት ከእናንተ መሥሪያ ቤት ስልክ ተደወለልኝ። አንድ ሰውዬ «ባለቤትዎና አብሮት ያለው ሰው ከተራራው በቀኑ አልተመለሱም» አለኝ። አብሮት ያለው ሰው! የመንግሥት ሰው በመንግሥት ስልክ ነው ያለኝ። ማታ ድጋሚ ደወለ። «ባለቤትዎ ተገኝቷል፤ እግሩ ተጎድቷል፣ በሕይወት አለ» አለ። «ሌላኛዋስ?» አልኩት። «ሌላ ሰው የለም ተብሏል» አለ። ማን እንዳለ ስጠይቀው አንቺን ጠራልኝ።

ጠዋት የነበረ ሰው ማታ የለም ይባላል? የት ደበቅሻት? በየትኛው መኪና አሳለፍሻት? በአባቴ አጥንት ምለሽ ዋሸሽኝ፤ የሰው ጥርስ ሰርቀሽ ዋሸሽኝ። ባሌ ሆስፒታል ተኝቷል፣ እኔ የጉዞ ወረቀት እጠብቃለሁ፣ አንቺ ግን እዚያው ጠረጴዛሽ ላይ ነሽ።

እትዬ ማለት ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

መጋቢት 16 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

አንቺ ብለሽ ጽፈሽልኛል፤ ልክ ነሽ። ካሁን በኋላ የምጽፈውን ማመንም አለማመንም ያንቺ ነው፤ እኔ ግን ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው መኪናውን አቁሞ ገባና «የአናጢው ልጅ ባል ነኝ» አለኝ። ሰርጋችሁ ላይ ስላልነበርኩ አላውቀውም። ብቻውን መግባት እንደሚፈልግ ነገረኝ። አይቻልም አልኩት፤ ደንቡ ከሁለት ሰው በታች አያስገባም። አልተከራከረም። ሄዶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። በዚያ ፀሐይ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ተራራውን እያየ ሁለት ሰዓት ሙሉ። ሌላው ይሳደባል፣ ሌላው ጉቦ ይዘረጋል። እሱ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አላስቻለኝም። ጠርቼው «ሁለት ብዬ ልጻፍህ» አልኩት። ሁለተኛውን ሰው የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ሁለት ብዬ እጽፋለሁ፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ውሃ መዘንኩ ብዬ እጽፋለሁ። የሚገባው ግን እሱ ብቻ ነው፤ የራሱን ውሃ ተሸክሞ። ድንኳኑና ጫማው እኔ ዕቃ ቤት መደርደሪያ ላይ ናቸው። ለዚያ ነው ሻንጣው ንጹሕ የሆነብሽ።

ለምን አደረግሽው ትይኛለሽ። ልጄ፣ እኔ እዚህ ሃያ ዓመት ስቀመጥ «ዘመድ አለኝ» ብሎ በሬን ያንኳኳ እሱ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያልጻፍሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ ማንም አልጻፈም። እሱ ሲወርድ እዚህ በረንዳ ላይ ጫማውን እያወለቀ ያየውን ይነግረኛል። በጠባቡ ሸለቆ ውስጥ ፀሐይ የማያገኘው የውሃ ጉድጓድ እንዳለ፣ ኮርቻው ላይ ነፋሱ ሲቆም የራሱ ደም በጆሮው ሲሄድ እንደሚሰማው። ሃያ ዓመት ሰው የላክሁበትን ተራራ ያየሁት በሱ አፍ ነው። ደብዳቤሽ ሲመጣ ያንን የምታስቀሪብኝ መሰለኝ። ስለዚህ ዋሸሁ። በውሸቱ ላይ ውሸት ስጨምር የቦቴውን ሾፌር አስነከስኩት። የቱቦው ብረት ነው ጥርሱን የመታው። ያው አወቅሽው።

ታኅሣሥ ላይ መጻፍሽን ነገርኩት። ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። «እነግራታለሁ» አለኝ። አሁን ሲመጣ «ነገርካት?» አልኩት። «ስመለስ» አለ።

መጋቢት 1 ቀን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት መመለሻው ነበር። አልመጣም። ሌሊቱን ፋኖስ ይዤ በረንዳው ላይ ቆየሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለኃላፊያችን በሬዲዮ ነገርኩት፤ ከጥበቃ ሰዎቹ ጋር መጣ። መዝገቡን ገልብጦ አየና ተረጋጋ። «ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቢጎዳ ሌላው ወርዶ ይነግረን ነበር። ውሃቸውም እስከ ነገ ይበቃል። መንገድ ረዝሞባቸው ይሆናል፤ ማታ ድረስ እንጠብቅ» አለ። ሁሉም ልክ ነው ብለው ተቀመጡ። ልክም ነበሩ። እኔ የጻፍኩትን አንብበው ነው።

ጡረታ ለመውጣት አሥራ አራት ወር ቀርቶኝ ነበር። ይህን አስቤ ዝም አልኩ። ሻይ አፈላሁላቸው። ኃላፊው ለአንቺ ሲያስደውል እዚያው ቆሜ «አብሮት ያለው ሰው» ሲል ሰማሁት፤ ዝም አልኩ። አምስት ሰዓት ላይ ጥላው ከደጃፋችን ሸሸና ፀሐዩ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ያኔ «ሁለተኛ ሰው የለም» አልኩ።

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «ምን አልሽ?»

«ብቻውን ነው። ውሃውም የአንድ ሰው ነው። ትናንት አልቋል።»

አልጮኸብኝም። ተነስቶ «ፍየሌ!» ብሎ ተጣራ። ፍየሌ የምንለው ገደል ላይ የሚሮጠው ጥበቃችን ነው። ሬሳ ፍለጋ እንደሚሄድ ሰው ፊቱ ጠቁሮ ወጣ። አሥር ሰዓት ላይ ከኮርቻው በታች አገኙት። ድንጋይ ተንዶ ጉልበቱን ይዞታል። የሸሚዙን እጅጌ ቀዶ አፉ ውስጥ ይዞ ነበር፤ ምራቅ እንዲመጣለት ይሆናል። ፍየሌን ሲያየው መጀመሪያ ያለው «ይቅርታ» ነው አሉ።

ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። ሐኪሙን «አራት ሰዓት ቀድመው ቢያገኙት ጉልበቱ ይተርፍ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። አየኝና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ።

ከሥራ ተሰናብቻለሁ። አሁን እህቴ ቤት ነኝ፤ አዲሱ አድራሻዬ ከታች አለ። እንድትጽፊልኝ ብዬ አይደለም። የምትረግሚበት እንዳይጠፋሽ ነው።

ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ገና ነው።

የአባትሽ የአክስት ልጅ

ሰኔ 3 ቀን

ለእትዬ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ? እዚህ ቤትም አንድ የማይታጠፍ ጉልበት ስላለን ስለ ጉልበት ማሰብ ለምጃለሁ።

ሦስት ወር ያልጻፍኩት በንዴት ብቻ አይደለም። ደብዳቤዎን እንደ ጥርስ ልኬት እያገላበጥኩ ሳየው ነበር የከረምኩት። ስንጥቅ ፈለግኩበት። «ቀዶ አፉ ውስጥ ይዞ ነበር» የምትለዋ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ አቆማለሁ። ሰው ይህን ፈጥሮ አይጽፍም።

ስለ እሱ ልንገርዎ። በምርኩዝ ይሄዳል። ሐኪሙ ደረጃ ብትወጣ ነው እንጂ ተራራን እርሳ ብሎታል። የመጣ ሰሞን አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም። ሾርባ አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ አመሰግናለሁ ይላል። እንደ ሆቴል ሆንን። አንድ ቀን ጄሶ ከጥፍሬ እያወጣሁ ሳለ ሳላስበው ከአፌ ወጣ፤

«ለምን ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ አላልከኝም?»

«ብልሽ ምን ትይኝ ነበር?»

ጥፍሬን ማጽዳቴን ቀጠልኩ።

«‹ብቻዬን› ብልሽ ‹ከማን ጋር?› ትይኝ ነበር» አለኝ።

ሳቄ መጣ፤ ከዚያ አለቀስኩ። እውነት ስለሆነ ነው። እትዬ፣ ክፉ ነገር ልናገር፤ ሴት ብትኖር ይቀለኝ ነበር። ሴት ብትሆን ፀጉሯን እይዛለሁ፤ የሚጠላ ሰው ይኖረኝ ነበር። ባሌ ከእኔ ርቆ የሄደው ወደ ማንም ከሆነ ማንን ልጥላ? ድንጋይ ነው የወሰደብኝ። «እኔን ሸሽተህ ነው?» አልኩት። ቶሎ «አይደለም» ቢለኝ አላምነውም ነበር። አሰበበትና «አንዳንዴ» አለኝ። ያንን ሌሊት ጀርባ ለጀርባ ተኛን፤ ግን ከዚያ በፊት ከነገረኝ ሁሉ ያንን አመንኩት።

ለቦቴው ሾፌር ጥርሱን ልኬለታለሁ፤ እስካሁን ደርሶት ይሆናል። ቀለሙን በግምት ነው የመረጥኩት። የሥሩን ቁራጭ ሳያስነቅል እንዳያደርገው ይንገሩልኝ፤ ያመዋል።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት እወጣለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ «ጉዳይ አለኝ» እልና እስከ ምሳ ቤቱን እለቅለታለሁ። ጉዳይ የለኝም። መጀመሪያ ሥራ ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ተዘግቶ ስለነበር ጥበቃው ሊያባርረኝ ምንም አልቀረው። ካፌ ገባሁ፤ እጄ ስልኩን እየነካካ ሊደውል አለ። ባለፈው ቅዳሜ ግን አልቻልኩም። ከቤታችን ማዶ ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ መስኮታችን ይታያል። ይታዘቡኝ፤ ሁሉንም ካወቅኩ በኋላ ነው ይህን ያደረግኩት። ማን እንደሚመጣ ልይ አልኩ። አንድ ሰው ደወል ቢጫን፣ ስልክ ቢያነሳ፣ መጋረጃ ቢዘጋ።

ዝናብ መጣ። አውቶቡሱ አምስት ጊዜ ቆሞ ሄደ፤ አምስተኛው ሾፌር «እመቤት፣ አይገቡም?» አለኝ፤ በእጄ አሰናበትኩት። ባሌ መስኮቱን ከፍቶ ወንበር አቅርቧል። እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቷል። ሬዲዮ አልከፈተም፣ መጽሐፍ አልያዘም። ከተቀመጥኩ ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ሲል ተነሳሁ። አልተንቀሳቀሰም እትዬ፤ ግን ፊቱ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ነበር። ያን ፊት ቤት ውስጥ አይቼው አላውቅም። እኔ ስኖር አይመጣም ማለት ነው። ይህ ቅር አለኝ፤ ቅር እንዳለኝም ይወቁልኝ።

በሩን ከፍቼ ስገባ ውሃ ከጸጉሬ ይንጠባጠባል።

«የት ነበርሽ?» አለኝ።

ልዋሽ አፌን ከፍቼ ተውኩት። «ማዶ ፌርማታው ላይ ተቀምጬ አንተን ሳይ።»

«ማን መጣ?»

«ማንም።»

ጎንበስ ብሎ ምርኩዙን ፈለገ። ሊቆጣ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት። መታጠቢያ ቤት ድረስ እያነከሰ ሄዶ ፎጣ ይዞልኝ መጣ።

«ለሚቀጥለው ቅዳሜ ጃንጥላ ያዢ» አለኝ። «ያ ፌርማታ ያፈሳል።»

ለእርስዎም ጤና እመኛለሁ፤ የእህትዎ ቤትም ይስማማዎ። ይጻፉልኝ፤ በሥራ ቦታዬ ሳይሆን በቤቴ አድራሻ።

የወንድምዎ ልጅ